ከቀለሙ ወዲያ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱንስ ቻልሽው? ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ፤ ቀኝ እጄ እስከ ክርኑ በፋሻ ስለተጠቀለለ በግራዬ ነው የምጭረው። አይዞሽ፣ ይድናል።

ሰው ልጁን አስተምሮ የሰው ሐኪም ያደርጋል፣ እኔ የዝቃጭ ሐኪም ወለድኩ እያልኩ ስቀልድብሽ ነበር። አሁን አልቀልድም። ያ የፍል ውሃው ምንጭ ዳር ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ የሚኖረው ቢጫና ብርቱካናማ ነገር ባክቴሪያ ነው፣ ሕይወት አለው፣ እያንዳንዱ ቀለም የሚችለው ሙቀት አለው ብለሽ ነግረሽናል። እኛም መታጠቢያ ቤታችንን ለእንግዶች ስናሠራ የኖርነው በእሱ ነው፤ ቀለሙ ከጀመረበት ወዲያ እግር አይገባም። አጥር እንኳ አላጠርንም።

አጎትሽ ግን እንግዶች "ቆሻሻ ነው" አሉ ብሎ፣ እኛ በሌለንበት በበረኪናና በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ ገደላቸው። ምንጩም መታጠቢያውም አንድ ዓይነት ጥርት ያለ ውሃ ሆኑ። ወንድምሽ ባልዲ ይዞ በእንፋሎቱ መሃል ሲመጣ ዳሩን የሚያሳየው አጣ። እስከ ጉልበቱ ገባ። ካልሲውን ሳወልቅለት ቆዳው አብሮ ወጣ። ጩኸቱ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

አባትሽ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ምንጩ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። አጎትሽ ጭራሽ የቀረውን እየፈገፈገ ነበር።

"ልጄን ቀቀልከው!" አለው አባትሽ።

"ዓይኑ የት ነበር? እኔ ያጸዳሁት ቆሻሻ ነው!"

አባትሽ አፉን በቡጢ አለው። አጎትሽ ጥርሱን ከነደሙ ተፍቶ የቧንቧ ብረት አነሳና ክንዱን መታው፤ ሲሰበር ሰማሁት። በወደቀበት ጎኑን ደገመው። ከዚያ ብረቱን ለጭንቅላቱ ከፍ አደረገ። የገዛ ወንድሙን! "ተው!" ብዬ ጮህኩ። አልተወም። ጀርባው ለምንጩ ነበር።

ከዚያ አጎትሽ ውሃው ውስጥ ነበር። እጄን ሰድጄ ሸሚዙን ያዝኩ፤ በእጄ የቀረው ጨርቁ ብቻ ነው።

ፖሊስ ስለ አሟሟቱ ሲጠይቅ አባትሽ "በሁለት እጄ ገፋሁት" አለ። ክንዱ በጀሶ ታሽጎ! ያ ሰው ውሸት አያውቅበትም። መርማሪው ግን ጽፎ አስፈረመው፣ አሰሩት። ትናንት ምግብ ሳደርስለት "አንቺ ዝም በይ፤ የልጁን ቁስል ማን ያጥባል?" አለኝ በሹክሹክታ። ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ።

ዝም ማለት አልቻልኩም። ነገ ጠዋት መርማሪው ጋ ሄጄ የገፋው የማን እጅ እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ ይህ ሲደርስሽ አባትሽ ቤት ይገባ ይሆናል። በአንድ እጁ ወንድምሽን ማጠብ አይችልምና ነይለት። እኔን ለማየት ብለሽ አትቸኩይ፣ የምሄድበት ቦታ ትንሽ ያቆየኛል።

ዛሬ ምንጩ ዳር ሄጄ ነበር። ድንጋዩ ላይ ከጥፍር የማይበልጥ ቢጫ ነገር እንደገና ጀምሯል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ማንም እንዳይነካው ጠብቂልኝ፤ እስክመለስ ዳሩን ሁሉ ይሞላው ይሆናል።

እግርሽ አይሳት፣ እጅሽን ክፉ አይንካው፣ ልጄ።

እናትሽ