ከእናቴ ኮርኒስ በላይ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

…ልጆች ሳለንም የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል እናታችን እርጥብ ነጠላ ጣል ታደርግብን ነበር። አሁን እሷ ልቧ ደክሟል፤ የሰፈራችንን የማንያታን የቀትር ሙቀት አልቻለችም። ክፍሏ ካልበረደ ናይሮቢ ወንድሜ ጋ ልንልካት ነው። አልሄድም ብላለች።

እህቴ ሰናይት ከየሱቁ አሮጌ ጋዜጣ ሰበሰበች። ከጎረቤታችን ከሐሊማ ጋር የእግዚአብሔርና የአላህ ስም ያለበትን ገጽ ሁሉ ለይተው አወጡ። የቀረውን አድቅቃ፣ እሳትና ምስጥ እንዳይደፍረው ቦራክስ የሚባል ነጭ ዱቄት ለወሰችበት፤ ዛሬ ጠዋት የቆርቆሮውን ሙቀት እንዲያግድ ከኮርኒሱ በላይ ሞላችው።

«ታዲያ ከራሴ በላይ ማን ቀረ?» አለች እናቴ።

«ፖለቲከኛና ኳስ ተጫዋች ነው፣ እማማ» አለች ሐሊማ።

«ጉድ ፈላ! እነሱማ ቤቴን ያነዱታል!»

ሰናይት ከተረፈው አንድ እፍኝ ዘግና ክብሪት ለኮሰችበት። ጠቆረ እንጂ አልነደደም። እንዴት ያለች ሰው ናት!

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ እናቴ ክፍሏ ገባች። ሌላ ቀን ወዲያው በላብ ተጠምቃ ትወጣለች። በረንዳው ላይ ጠበቅናት። ቆየች። በመጨረሻ ብቅ አለች፤ ፊቷ ላይ ጠብታ ላብ የለም።

«ልተኛ ነው፣ ወሬያችሁን ቀንሱ» አለችና በሩን ዘጋችው።