ነጭ ሴሎቼ እስኪመለሱ

መተማ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1974

ዛሬ ምንም የለም። ፀሐይ፣ አቧራ፣ የትራክተር ድምፅ። ከከርቱም ከተመለስኩ ሳምንት ሞላኝ። ጨረሩ ያረፈበት የደረቴ ቆዳ ጠቁሯል። ስነካው የሌላ ሰው ገላ ይመስለኛል። ያመኛል? አያመኝም... ምንም አይሰማኝም።

እህቴ ታንጉ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆማ ሰው ስትመልስ ዋለች። "ተኝታለች"፣ "መድኃኒት ወስዳለች"፣ "ነገ ኑ"... ጠያቂው ግን አያልቅም። አብረውኝ የሚያስተምሩት፣ የተማሪ እናቶች፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሚስት። አንዷ እንቁላል፣ አንዷ ወተት ይዛ። በሽተኛ የሚጠየቀው ገብተው፣ ስመው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ነው። ከደጅ መመለስ የት አገር ታይቶ ያውቃል?

ጥቅምት 5

ሐኪሙ ያለኝን ልጻፈው፣ ሳልረሳው። ጡቴ ጎንደር ተቆርጦ ከወጣ በኋላ የቀረ የካንሰር ዘር ካለ ጨረር ይጨርሰዋል ተባለ። ጨረር ደግሞ በአገራችን የለም። የይለፍ ወረቀቱ እስኪገኝ ያየሁትን ፍዳ አልጽፍም። ጎረቤቴ መጂዳ ንግዷን ትታ አብራኝ ሄደች። ሐኪሙ በዓረብኛ ይናገራል፣ እሷ ታስረዳኛለች።

ጨረሩ ክፉና ደጉን አይለይም አለ። ዕጢውን ሲመታ በዚያ በኩል የሚያልፈውንም ደም ያገኘዋል። በደም ውስጥ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ ሴሎች ቶሎ ይሞታሉ፣ የሚመለሱት ግን ቀስ ብለው ነው። እስኪመለሱ ከሚያስል ሰው ራቂ፣ ትኩሳት ካለው ራቂ፣ ብዙ ሰው ያለበት አትግቢ አለ። ለሌላው ቀላል የሆነው ጉንፋን ለአንቺ ቀላል አይደለም አለ። መጂዳ ይህን ሁሉ ሰምታ በአጭሩ ነገረችኝ።

"ዘበኞችሽ አልቀዋል። አዲስ እስኪቀጠር በርሽን ዝጊ።"

ሳቅኩ ልበል? ስቄያለሁ መሰለኝ። ስንመለስ ከከርቱም ገበያ አጎበር ገዛችልኝ። ለቢንቢ።

ጥቅምት 8

ባዘዘው የሚባለው የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ሠራተኛ መጥቶ ደም ወሰደ። እሱ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ይቆጥራል። ማታ ላይ ውጤቱን በታንጉ ላከ። ነጮቹ ገና ናቸው። በተለይ ትንንሾቹ... ሊምፎሳይት የሚባሉት። ከዚህ በፊት ያገኙትን በሽታ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው አለ። ጨረር አይችሉም፣ ከሁሉ ቀድመው የሚሞቱትም እነሱ።

እሺ አልኩ።

ጥቅምት 10

ከተማው ተቀይሞኛል። "ከርቱም ደርሳ መጥታ ሰው ተጸየፈች" ይባላል አሉ። ታንጉ ተናደደች። እኔ አልተናደድኩም። ንዴትም ጉልበት ይፈልጋል።

በመስኮት መንገዱን አያለሁ። ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ የጎጃም ልጆች በመኪና ተጭነው ወደ ኮኪት እርሻዎች ያልፋሉ። ይዘፍናሉ። አንዳንዱ ምንዳውን ሳይቀበል ነው ወባ የሚጥለው። የደጋ ሰው ለወባ እንግዳ ነው። በየዓመቱ ያው ነው።

ጥቅምት 12

እማዬ መጣች!

ከዳባት ጎንደር፣ ከጎንደር በጭነት መኪና እዚህ። ማን ነገራት? ስለ ሕመሜ ደብቀናት ነበር። ድምፅዋን ስሰማ ከአልጋዬ ወረድኩ። በሩን ልከፍት ስል ሳል ጀመራት። ደጋግማ ሳለች። የመንገዱ አቧራ ነው... ይሆናል። ካልሆነስ?

ታንጉ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እናቷን እንዴት ትመልስ? እኔው ተናገርኩ፣ ከበሩ ኋላ ሆኜ።

"እማዬ፣ አትግቢ።"

ታንጉ የሐኪሙን ቃል አስረዳቻት።

"ደግ አደረግሽ ሙሉዬ፣ ልጄ። እኔ እዚህ ራኩባው ሥር እሆናለሁ። ነፋሻ ነው፣ ምን ጎድሎት።"

ራኩባው ግድግዳ የለውም። በአራት እንጨት ላይ የተዘረጋ የማሽላ አገዳ ነው። ታንጉ አልጋ አወጣችላት።

ጥቅምት 14

የቤቱ ግድግዳ ስስ ነው። እኔ ከውስጥ አልጋዬን አስጠግቼ፣ እሷ ከውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እናወራለን። የዳባትን ወሬ ትነግረኛለች። ማን አገባ፣ ማን ዘመተ፣ የማን ላም ወለደች። ትናንት ጠያቂዎቹን ሁሉ እሷ ተቀብላ ራኩባው ሥር አስቀምጣ ስታጫውት ዋለች። ከተማው ታረቀኝ። ታንጉም አረፈች።

ሳሉ ቀንሷል። ግን አልጠፋም።

ጥቅምት 17

ባዘዘው ደም ወሰደ። ወደ ላይ እያሉ ነው፣ ትንሽ ታገሺ አለ።

እማዬ ሰምታ ኖሮ በግድግዳው በኩል ጠየቀችኝ። "አንዴ ገብቼ ብስምሽስ? እፍኝ ትንፋሽ ምን ያደርግሻል? ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዚሁ ነበር።"

"ደሜ እስኪስተካከል ጠብቂኝ እማዬ።"

"እሺ። እጠብቃለሁ። ምን ያስቸኩለኛል?"

ልቤ መነካት ነበረበት። አልተነካም። ጨረሩ እዚያም ደርሶ ይሆን?

ጥቅምት 20

ምንም የለም። ሙቀት።

ጥቅምት 22

እማዬ ዛሬ ብዙ አላወራችም። ራሴን አሞኛል፣ የቆላ ፀሐይ ነው፣ ይለቀኛል አለች። ታንጉ ቀበሌ ስብሰባ ነበረች።

ትኩሳት ይኖርባት ይሆን ብዬ አልጋዬን ከግድግዳው አራቅሁ።

ጥቅምት 24

ባዘዘው በጠዋት ራሱ መጣ። ይስቃል። ነጮቹ ተመልሰዋል፣ ትንንሾቹ ሙሉ ባይሆኑም አያሰጋም፣ ሰው መቀበል ትችያለሽ አለኝ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። እማዬን ግቢ ልላት ወጣሁ።

በዚያ ሙቀት ጋቢዋን ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። ስነካት እሳት ናት። ልጅሽ ሙሉ ነኝ፣ እማዬ፣ ሙሉ ነኝ አልኳት። እያየችኝ አላየችኝም።

"ሙሉን አትንኳት። ታማለች።"

እጄን ከላይዋ ገፋችው። ሳምኳት። ማን እንደሳማት አላወቀችም።

ጥቅምት 25

ጤና ጣቢያ። ወባ ነው፣ ወደ አንጎል የወጣው። ኩይኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት በግሉኮስ ተሰክቶላታል። ባዘዘው ደሟን አይቶ ውጭ ድረስ ይዞኝ ወጣ። "የእሳቸው ነጭ ሴል ሙሉ ነው" አለኝ። "ግን ወባን አግኝቶ አያውቅም። ምኑን ያስታውሳል?"

ዳባት ወባ የለም። ይህን እኔ አላውቅም ነበር? በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን? የእሷ ሳል ለእኔ እንደሚያሰጋ ነው ሳሰላ የከረምኩት። እኔ ያለሁበት አገር ለእሷ እንደሚያሰጋ አንድም ቀን አላሰብኩም። ራኩባው ሥር ባዶ ሜዳ ላይ እያደረች... አጎበሩ እኔ ላይ።

መጂዳ አብራኝ ተቀምጣለች።

ጥቅምት 26

አልነቃችም።

ጥቅምት 27

እማዬ ዐረፈች። ከሰዓት በኋላ። እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

ኅዳር 1

ራኩባው ለቅሶ ቤት ሆኗል። አልበቃ ብሎ መጂዳ ሸራ አምጥታ አስቀጠለችው። የዳባት ዘመዶች ትናንት ደረሱ። ታንጉ በር ላይ አትቆምም፣ ማንንም አትመልስም። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

ሁሉም መጣ። ያኔ ወተት ይዛ ከደጅ የተመለሰችው፣ የሊቀ መንበሩ ሚስት፣ ተማሪዎቼ ከነወላጆቻቸው። ከአጨዳ የወጡ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ገብተው እግዜር ያጽናሽ ይላሉ። የሚያስል አለ። ንፍጡን በእጁ የጠረገ ሕፃን አለ። ማንንም አልሸሸሁም። ባዘዘው ከሩቅ ያየኛል፣ አይከለክለኝም።

ከጎንደር ቀዶ ጥገና ወዲህ አላለቀስኩም ነበር። ዛሬ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ እናቷን ነው የምታለቅሰው ብሎ ተወኝ። እውነታቸውን ነው።

አንገቴን እያቀፉ፣ ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ እየተፈራረቁ... አገሩ ሁሉ ሳመኝ። ለዚያ ብላ ከዳባት የመጣችው ብቻ ሳትስመኝ ቀረች።