ጄሉን አትጠብቀው

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ትኩሳቱስ በረደልህ? እህልስ ይበላልሃል? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ ልቤ ግን ደኅና አይደለም። ስልክ ብደውል በቀልድ ታመልጠኛለህና ይኸው በሰው እጅ ላክሁልህ፤ ነገ ይደርስሃል። እግርህን ትራስ ላይ አድርገህ አንብበው።

የባለቤትህ መልእክት ትናንት ደረሰኝ። ሐኪሙ ቀኝ እግርህ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ካልተቆረጠ ቁስሉ ሽቅብ ይወጣል ማለቱን፣ አንተ ደግሞ እህቴ መድኃኒት እየሠራችልኝ ነው፣ እሷን እጠብቃለሁ ብለህ እምቢ ማለትህን ነገረችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ለስላሳ ጄል እንደምንሠራ ጽፌልህ ነበር። መድኃኒት በውስጡ ይይዛል፤ ቁስል ላይ ተለጥፎ ከትንሽ ባትሪ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ጠብታ ይለቃል፣ ማብሪያው ሲጠፋ ይሰስታል። ስምንት ሳምንት ሙሉ አንዴም አልሳተም። እኔም ደስታው ራሴ ላይ ወጥቶ፣ ለእግርህ ደርሶልሃል አልኩህ።

ጄሉን የምንፈትነው የቁስል ፈሳሽ በሚመስል ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት መደርደሪያውን ስወለውል የጨው ዕቃውን ጥግ ላይ አገኘሁት፤ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ጨው አልጨመርኩም! ቤት ሳለን ያበሰልኩትን ቀምሰህ "አልጫዋ" ያልከኝ ያችው ነኝ፤ ምንም አልተማርኩም።

ጨው ጨምሬ ደገምኩት። ማብሪያውን ሳልነካው ጄሉ ኩምትር አለና የያዘውን ሁሉ በአንዴ ዘረገፈው። ሰባት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሰባቴም ያው። ያንተ እግር ላይ ቢሆን ኖሮ የሳምንት መድኃኒት በአንዴ ሰውነትህ ውስጥ ይገባ ነበር። ለአለቃዬ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ፣ ከሥር እንጀምራለን፣ ዓመታት ይፈጃል አለኝ። አንተ ደግሞ ሳምንት እንኳ የለህም።

ወንድም ጋሼ፣ እግርህ ላይ ወድቄ እለምንሃለሁ፤ ይህን አንብበህ እንደጨረስህ ሆስፒታል ሂድ። የስፌት መኪናዬን በምኔ ልረግጥ ነው እንደምትል አውቃለሁ። ሃያ ዓመት በቀኝህ ረግጠሃል፣ ግራህ ይለምዳል። ባይለምድም ባለቤትህ ትረግጣለች፣ አንተ ጨርቁን ትይዛለህ። ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ ከፈለግህ አታናግረኝ፤ ብቻ ትረፍልኝ።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ አንተ እምቢ ብትል ጎትታ እንድትወስድህ አደራ ብያታለሁ። ትንሿን ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ከሆስፒታል ስትመለስ እንደ ልማዷ ላይህ ላይ እንዳትዘል ንገሯት። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። መድኃኒቱስ ብላ ከጠየቀችህ፣ ልጅሽ ዛሬም ጨው ረሳች በላት፤ ይገባታል።

እህትህ አልጫዋ
ከላቦራቶሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ረቡዕ፣ መጋቢት ፲፩ ቀን