የሂዩ ስም የመጀመሪያ ፊደል

ቤልፋስት፣ ኅዳር 1974

እህት ዓለም ዴርድራ፣

የግላስጎው ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። የጓሮው ድንች ዘንድሮ ደህና ይዟል፤ ኦርላም ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ጀምራለች።

ባለቤቴ ሂዩ አውቶቡስ መንዳቱን ለጊዜው ትቶታል። ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ ፊታቸውን የሸፈኑ ሦስት ሰዎች አስቁመው፣ «እስቲ ስምህን ፊደል በፊደል ጥራ» አሉት። እሱም የመጀመሪያውን ፊደል እንደኛ እንደ ካቶሊኮቹ «ሄች» ሳይሆን፣ እንደ ማዶዎቹ ፕሮቴስታንቶች «ኤች» ብሎ ጀመረላቸው።

«የኛው ነህ ለካ! ሂድ በቃ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ለቀቁት።

ቤት እንደገባ እጃቸው ያረፈበትን ሸሚዝ አውልቆ እሳት ውስጥ ከተተው። ደህና ሸሚዝ ነበር።

ትናንት ኦርላ፣ «አባባ፣ ትክክሉ ሄች ነው ኤች?» አለችው።

እሱም፣ «የጠየቀሽ ማን እንደሆነ መጀመሪያ እይ» አላት። እሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ያቺ ትንሿ ክፍልሽ ተከራየች እንዴ? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው የጠየቅሁሽ። ኦርላ እንደሆነች መሬት ላይም ትተኛለች፣ ምግብ ላይም አታስቸግርም።

ለቤተሰቡ ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። መልስሽን ቶሎ ላኪልኝ።

እህትሽ ሮሽን