«ማስተዋል አበጀ» ሲባል

ሆዴ አበጀ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። እኛ ደህና ነን። የጓሮውን አጥር ወንድምህ አጥሮልናል። አትቀየመኝና ካንተ ይሻላል፤ እስካሁን አልዘመመም።

ዋናው ወሬዬ የልጃችን ነው። ማስተዋል እዚሁ ዳንግላ፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ገብታለች። ሐኪሙ ኦቲዝም እንዳለባት የነገረን ጊዜ ከቤት አትወጣም ብዬ ስንት ቀን እንደተጣላን ታስታውሳለህ። ሰው እንዲያያት አልፈልግም ነበር። አንተ ደግሞ ትከሻህ ላይ አስቀምጠህ በገበያው መሀል ታዞራት ነበር። ያኔ የተናገርኩህን ሁሉ ይቅር በለኝ።

በጀመረች በወሩ ከትምህርት ቤት አስጠሩኝ። ጠዋት ስም ሲጠራ እየተነሳች ወደ በሩ ትሮጣለች፣ ሲይዟት ትጮኻለች፣ እንዲህ ከቀጠለች ቤት ብትውል ይሻላል አሉኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ «ብዬህ ነበር» ልልህ ቃጥቶኝ ነበር።

መምህርቷ ልጅ እግር ናት። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ። «ማስተዋል አበጀ» ብላ ስትጠራ ልጅህ ብድግ ብላ በሩ ላይ ቆመችና ውጭውን ግራ ቀኝ አየች። አንተን ነበር የምትፈልገው። ማታ ኮቴህን ስሰማ ከውስጥ ሆኜ «አበጀ ነህ?» ስል ሮጣ በሩን የምትከፍትልህ እሷ አልነበረችም? ካለፍክ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስምህን የሚጠራ አልነበረም። እኔ እንኳ «አባቷ» ነበር የምልህ።

ይህን ስነግራት መምህርቷ በስሟ ብቻ ልትጠራት አሰበች።

«እባክሽ፣ የአባቷን ስም አትቁረጪባት» አልኳት።

ስለዚህ ስሟ ሲጠራ ወደ በሩ በመሮጥ ፈንታ ተነስታ «መጥቻለሁ» ለማለት የራሷን ፎቶ ግድግዳው ላይ እንድትሰቅል አለማመደቻት። ሦስት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ ፎቶውን ይዛ ወደ በሩ ትሄድ ነበር፤ መምህርቷም ታግሳ ትመልሳታለች። ደስ ሲላት እጇን ስታርገበግብ ደግሞ አብራት የምትቀመጠው ልጅም ታርገበግባለች አሉ። ቤት ትዋል የሚል ሰው አሁን የለም። ክርክሩን አንተ አሸንፈሃል፣ ደስ ይበልህ።

ትናንት በመስኮት አየኋት። «ማስተዋል አበጀ» ሲባል ፎቶዋን ሰቀለች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ወደ በሩ አልዞረችም። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እንዳይከፋህ ሆዴ፤ አልረሳችህም፣ በስምህ እየተጠራች እየተማረች ነው። በር በሩን ማየቱን እኔ ተረክቤያታለሁ፤ ዕድሜ እስከሰጠኝ አልተወውም።

ያንተው ጥሩወርቅ