ብቻህን እንዳትሰማ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሙሉሰው፤

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? የህንድ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ ወይ? ፈተናህን በደህና መጨረስህን ጓደኛህ ኢስማኢል ሲነግረኝ እልል ብያለሁ። እዚህ ላይ «ከናፍቆትህ በስተቀር እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ጀመርኩና እጄ እምቢ አለኝ።

ኢስማኢል ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ ይህን ደብዳቤ በእጁ የሰጠሁት በስልክ መናገር ቢያቅተኝ ነው። እዚያ ያሉትን ያገራችንን ልጆች ሰብስቦ በማለዳ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ማልደው ሲያንኳኩ ልብህ ሳይጠረጥር አልቀረም።

ሙሌዬ፣ እናታችን አርፋለች። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ልቧ ደክሞ ሄደችብን፤ አርባዋንም አውጥተናል። «ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» ስንልህ የከረምነው አጎታችን ጋሼ እንግዳ «ልጁ ፈተናውን ይጨርስ» ብሎ ስለገዘተን ነው። አንተ «እማዬን አገናኙኝ» ባልክ ቁጥር ስልኩን ዘግቼ አለቅስ ነበር። የላክህላት የጉልበት ቅባት ከቀብሯ በኋላ ደረሰ፤ ሳይከፈት አልጋዋ ራስጌ አለ።

የሚገርምህ፣ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ሥራዬ ይኸው ሆኗል። አምና ትሩፋት የምትባል ተማሪዬ ካፌ ተሰልፋ ሳለ የአባቷን ሞት ፌስቡክ ላይ አየች፤ ትሪዋን እንደያዘች ወደቀች። መምህራን አዲስ ሐሳብ የሚያቀርቡበት ውድድር ነበርና፣ የተማሪዎች ምክር አገልግሎት መርዶ በወጉ የሚያረዳ ቡድን ይኑረው ብዬ አቀረብኩ። የተማሪው ቤተሰብ ለእኛ ይደውላል፤ እኛ የዶርም ጓደኞቹንና ያገሩን ልጆች ሰብስበን በማለዳ እንነግረዋለን፣ መናኸሪያ ድረስ እንሸኘዋለን። አንዱ ዳኛ «ይሄ ምኑ ነው አዲስ? አያቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት አይደል?» ብሎ ሳቀብኝ። አፕ ቢሆን ኖሮ ያጨበጭብልኝ ነበር! ደግነቱ ሌሎቹ ገባቸውና ቡድኑ የሚሠራበት ክፍል ሰጡን።

ለሰው ልጅ መርዶ ሳረዳ ከርሜ ለገዛ ወንድሜ ስደብቅ፣ እኔም በወጉ አላለቀስኩም። አንጀቴ አሯል። ማታ ከሥራ ስመለስ ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ይዤ ስገባ «መጣሽ?» የሚለኝ የእማዬ ድምፅ የለም። ቤቱ ጭር ብሏል ሙሌ፣ ምን ልበልህ።

ጋሼ እንግዳ ስለዋሸንህ ይቅር በለን ይልሃል። ልጄ ሊሊ ጉንጭህን ትስማለች፤ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ነው። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ በጸሎቴ አልረሳውም ብላለች። የእማዬ ሰላምታ እንደ ልማዳችን መጨረሻ ላይ ነው። ስለ ቡድኑ አውርቻት ነበር፤ ስትደክም እጄን ይዛ «ሙሌ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፤ ሰው ይኑርለት» አለችኝ። እንግዲህ ቀና በልና እነኢስማኢልን እያቸው፣ ወንድሜ። እሷ ናት የላከችልህ።

እህትህ ናዝሬት
ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጎፋ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.