ቀዝቃዛ ኑድል ጀምረናል

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

ከተማችን ሰንዳይ ይህን ወበቅ ከየት አመጣችው? ምሳ ሰዓት ላይ የኑድል ቤታችን ወንበሮች ባዶ። በዚህ ሙቀት ማን ትኩስ ሾርባ ይጠጣል? አትክልት ሻጯ ሃጋ በበሩ አንገቷን አስግጋ፣ «ቀዝቃዛ ኑድል አልጀመራችሁም እንዴ? ማዶ ያለው ኑድል ቤት እኮ የማስታወቂያ ጨርቁን ሰቅሏል!» አለች።

አማቴ ከምድጃው አጠገብ፣ «እንግዲያው ማዶ ሂጂ!»

ሄደች። እውነትም ሄደች።

«ቀዝቃዛ ኑድል ጀምረናል» የሚለውን ጨርቅ በየዓመቱ የሚሰቅሉት እሳቸው ናቸው። የሚሠሩትም እሳቸው ብቻ፤ ደንበኞች «አለቃ» የሚሉትም እሳቸውን ነው። በብርዱ ወራት ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ባሌ ሹንጂ መርከብ ላይ ነው። ታዲያ ማን ይሥራው? እኔ አለሁ አይደል!

«አባባ፣ እኔ ልሞክር?»

«አንቺ ሾርባሽን አማስዪ።»

በዚህ አያያዝ ቤቱ መዘጋቱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

ሠራሁ። ሳልጠየቅ። ኪያሩን በቀጭኑ ከተፍኩ፣ እንቁላሉን በስሱ ጠብሼ እንደ ክር ቆራረጥኩ። ቲማቲም። ከላይ አቼቶ፣ ሶያ ሶስ፣ የሰሊጥ ዘይት፤ ከጎን ሰናፍጭ። ያምር ነበር... ሌላ የሚያመሰግነኝ ስለሌለ ራሴ ላመስግን።

አባባ አንዴ ጎረሱ። አኘኩ... አኘኩ...

«ፉሚዬ፣ ይሄ ኑድል ነው ወይስ የጫማ ክር?»

ለምን ደረቀ? የቀቀልኩት እንደ ሁልጊዜው ነው። ብጠይቃቸው ሳህኑን ገፍተው ተነሱ። የሚያውቁትን ይዘው ሊቀበሩ ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ዛሬም የጫማ ክር። እልህ ያዘኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

ገባኝ! ከድስቱ አውጥቼ ቀመስኩት፣ ልክ ነው። በረዶ ውሃ ውስጥ አሽቼ አጥቤ ስቀምሰው ግትር ብሏል። ቅዝቃዜው ነው የሚያጠነክረው! ለሾርባ ሲሆን ቀደም ብሎ ይወጣል፣ የቀረውን ሾርባው ያበስለዋል። ለቀዝቃዛው ግን ልስልስ እስኪል መቀቀል አለበት። ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ቀን? ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

አቀረብኩላቸው። ጨረሱ። ሳህኑን አንስተው ሶሱን ጠጡት። ከዚያስ?

«እንቁላሉ ወፍራም ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን ነቀዘ።

«እንቁላሉ አይደለም አባባ! በእርስዎ እጅ ካልተሠራ ማንም እንዳይሠራው ነው የፈለጉት!»

ምነው አፌን በቆረጠው። አባባ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲያዩት ቆዩ።

«እንደዚያ በቀጭኑ መክተፍ... አልችልም እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ቢላው ይሸሸኛል።»

አለቀስኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ፤ «ሰናፍጭ አብዝተሻል» ብለው አመካኙ። ሰናፍጩን አልነኩትም ነበር።

ሲነሱ፣ «ነገ ይዘንባል። ከነገ ወዲያ ጨርቁን ስቀዪው» አሉ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

ሰቀልኩት! እኔ በርጩማው ላይ፣ አባባ በርጩማውን ይዘው።

«ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ አልኩ! ሴትዮ፣ ቀኝሽ የቱ ነው?»

ከምሳ በፊት ሰልፍ! የማዶው ሰውዬ በራፉ ላይ ቆሞ ሰልፉን ሲቆጥርልን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሃጋ ባሏን ጎትታ መጣች፣ አንዱን ሳህን ጨርሳ ሌላ አዘዘች። «ከዓምናው ይሻላል!» ስትል አባባ እንዳይሰሙ በዓይኔ ጠቀስኳት። ሰምተዋል። የባሰ እንዳይመጣ ራሴን ደፍቼ ኪያሬን ከተፍኩ።

ሰልፉ ሲቀንስ አባባ ሽርጣቸውን ፈቱ። አመማቸው እንዴ? በሃጋ ቃል ከፋቸው እንዴ? ወጡ። በጓሮ ወጥተው፣ ዞረው፣ በደንበኞች በር ገቡ። ከሃጋ ጎን ወንበር ስበው ተቀመጡ። እዚህ ቤት ተቀምጠው ሲበሉ አይቼ አላውቅም። ጠረጴዛውን በግራ እጃቸው መታ መታ አደረጉና ቤቱ ሙሉ እየሰማ፣

«አለቃ!» አሉኝ። «እዚህ አንድ ቀዝቃዛ!»